እፍኝ ለውዝና የልባችን ጤና
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት

በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ካሉ አጥቢያዎች ጋር በምናደርገው የጤና ትምህርት ከካህናትና ከሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለውዝ መብላት ኮሌስትሮልን ያወርዳል ይባላል፤ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ በመድኃኒት ፈንታ ልንመገበው እንችላለን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በውስጡ የሰው ሕይወት አለበት። የመጀመሪያው ክፍል መልሱ አዎን ነው፤ የሁለተኛው ግን አይደለም ነው። ሁለቱን መልሶች ሳይለይ የሚያስተምር ሰው በጎ አስቦ ወገኑን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በየክፍሉ ልናብራራና በመጨረሻም አጥቢያው ሊሠራው የሚችለውን ልናመለክት ወደድን።

፩. ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በደማችን ውስጥ የሚገኝ ሰም መሰል የስብ ዓይነት ነው። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እግዚአብሔር የሰውን አካል ሲፈጥር ያለ እርሱ የሕዋሳት ግድግዳ እንዳይቆም፣ ሐሞትና ልዩ ልዩ ሆርሞኖችም እንዳይሠሩ አድርጎ ፈጥሮታል። አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ቀሪው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከቅቤ ይገኛል።

ስብ ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በተሸካሚዎች ላይ ተጭኖ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኤልዲኤል ይባላል፤ ሲበዛ ኮሌስትሮሉን በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ እያራገፈ ቧንቧውን ያጠብባል። ሌላው ኤችዲኤል ሲሆን የተረፈውን ወደ ጉበት ይመልሳል። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ጠቅላላው ኮሌስትሮል በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ200 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 240 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ኤልዲኤል ደግሞ 160 ከደረሰ ከፍ ያለ ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ወይም ልቡ አስቀድሞ ለታመመ ሰው የሚፈለገው መጠን ከዚህም እጅግ ያነሰ ስለሆነ ወሰኑን የሚነግረው ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ኮሌስትሮል አለመታየቱ ነው። አያሳክክም፤ አያምም፤ አያስልም። ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ቆይቶ በድንገት ልቡ ሊታወክ ወይም አካሉ በስትሮክ ሊሽመደመድ ይችላል። ስለሆነም «ምንም አይሰማኝም» ማለት «ጤነኛ ነኝ» ማለት አይደለም።

፪. ለውዝ በመጽሐፍ፣ ለውዝ በገበያ

ካህናት አባቶቻችን ሲያስተምሩ እንዳይቸገሩ በቅድሚያ ስሙን እንለይ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለውዝ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ነው። ያዕቆብ ልጆቹን ወደ ግብፅ ሲልክ ካስያዛቸው እጅ መንሻ መካከል ለውዝ ይገኝበታል (ዘፍ. 43፥11)። ሊቃውንቶቻችን በእመቤታችን የሚመስሏት የአሮን በትርም ያፈራችው ለውዝ ነው (ዘኍ. 17፥8)። ይህ ዛፍ በሌሎች አገሮች አልመንድ የሚባለው ነው።

በፒያሳ መንገዶች በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠው ለውዝ ግን ሌላ ነው። እርሱ ኦቾሎኒ የምንለው ሲሆን ፍሬውን የሚያፈራው ከመሬት በታች ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአገራችን በተለይ በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይመረታል። በዘሩም ከባቄላና ከሽምብራ ወገን፣ ማለትም ጥራጥሬ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው የስብ ዓይነት ከዛፍ ለውዞች ጋር ስለሚቀራረብ የሥነ ምግብ ሊቃውንት ከእነርሱ ጋር አንድ ላይ ይቈጥሩታል። ይህም ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ ከውጭ የሚገባውን ውድ ፍሬ መግዛት ሳያስፈልገን በበራችን የሚያልፈው ሱቅ በደረቴ የያዘው ይበቃናልና።

፫. ጥናቶች ምን አገኙ?

በ2010 እ.ኤ.አ. በሰባት አገሮች የተካሄዱ 25 ሙከራዎች በአንድነት ተሰብስበው ተመርምረው ነበር። በሙከራዎቹ የተሳተፉት 583 ሰዎች ሲሆኑ በአማካይ በቀን 67 ግራም ልዩ ልዩ ለውዝ ይመገቡ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ኦቾሎኒ ነው። ውጤቱም ጠቅላላው ኮሌስትሮል 5.1 በመቶ፣ ኤልዲኤል ደግሞ 7.4 በመቶ መቀነሱን አሳየ። አስቀድሞ ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች የበለጠ ተጠቅመዋል። የተበላው መጠን ሲያንስም ጥቅሙ በዚያው ልክ ያንሳል።

በስፔን የተካሄደው ሰፊ ጥናት ደግሞ ለልብ ሕመም የተጋለጡ 7,447 ሰዎችን ያቀፈ ነበር። ከሦስቱ ምድቦች አንዱ በአትክልት፣ በጥራጥሬና በዓሣ ላይ በተመሠረተ አመጋገብ በቀን 30 ግራም የዛፍ ለውዝ ተጨመረለት። በዚህ ምድብ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ ከንጽጽሩ ምድብ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ በአመዳደቡ ላይ ጉድለት ስለተገኘ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሰልቶ ወጣ፤ ውጤቱም ከቀድሞው ብዙም አልተለየም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2003 እ.ኤ.አ. በቀን 42 ግራም ያህል ለውዝ፣ ኦቾሎኒን ጨምሮ፣ የሚረጋ ስብ ካነሰበት አመጋገብ ጋር ሲሆን የልብ ሕመምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በማሸጊያ ላይ እንዲወጣ በጥንቃቄ ፈቅዷል።

እነዚህን ቍጥሮች በምሳሌ እንመዝናቸው። የአንድ ምእመን ኤልዲኤል 160 ነው እንበል። በየቀኑ ለውዝ ቢበላና እንደ ጥናቱ 7.4 በመቶ ቢቀንስለት ወደ 148 ይወርዳል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ከ100 በታች እንዲሆን ከፈለገ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለዚሁ ሕመም የሚታዘዙት እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ መድኃኒቶች ግን እንደ ዓይነታቸውና እንደ መጠናቸው ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳሉ። እንግዲህ ለውዝ ረዳት ነው፤ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

፬. ለውዝ ይህን የሚሠራው እንዴት ነው?

በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የኦቾሎኒ ግማሽ ያህል ክብደቱ ስብ ቢሆንም አብዛኛው የማይረጋ ስብ ነው። የሚረጋ ስብ የጉበትን ኤልዲኤል ከደም የማንሣት ኃይል ያዳክማል፤ የማይረጋው ሲተካው ግን ጉበት ሥራውን በሚገባ ያከናውናል። ሁለተኛ፣ በለውዝ ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚመስሉ የዕፅዋት ቅመሞች አሉ፤ እነርሱ በአንጀት ውስጥ የኮሌስትሮልን ቦታ ስለሚሻሙ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው አሰር ከሐሞት ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ይስባል።

ከመጀመሪያው መንገድ አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ለውዝ በእጅጉ የሚጠቅመው በሚረጋ ስብ ምትክ ሲበላ ነው። ቅቤ የተቀባ ዳቦ በልቶ፣ ጮማ ቈርጦ፣ በላዩ ላይ ለውዝ የሚጨምር ሰው ያገኘው ትርፍ ስብና ትርፍ ክብደት ነው። ሠላሳ ግራም ኦቾሎኒ 170 ካሎሪ ያህል አለውና።

፭. ጾማችንና ዘይታችን

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። ጾም የነፍስ ሥራ ነው፤ ለኮሌስትሮል ተብሎ አይጾምም። ዳንኤልና ጓደኞቹ ለዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ውኃ ጠጥተው ፊታቸው አምሮ የተገኘው ስለ እምነታቸው በቈረጡት ቈራጥነት እንጂ ስለ አመጋገብ በተቀበሉት ምክር አልነበረም (ዳን. 1፥8-16)። ነገር ግን ለነፍስ የተሠራው ለሥጋም ሲበጅ እናያለን። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ በቀርጤስ ደሴት በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ላይ የተደረገ ጥናት፣ የጾሙት ሰዎች ኮሌስትሮል በጾሙ መጨረሻ ካልጾሙት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል።

ይህ በረከት በእኛ ማእድ በሁለት ነገሮች ይሸረሸራል። የመጀመሪያው ዘይት ነው። በከተማችን በብዛት የሚቀርበውና ሰው «የሚረጋው ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ወጡ የጾም ነው፤ ስቡ ግን ወደ ቅቤ የቀረበ ነው። በጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ መጻፉ ማንንም ሊያታልል አይገባም። ኮሌስትሮል ከእንስሳት እንጂ ከዕፅዋት ስለማይገኝ ማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ከእርሱ ነፃ ነው። ጥያቄው በጀሪካኑ ውስጥ ኮሌስትሮል አለ ወይ አይደለም፤ ዘይቱ ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ያበዛል ወይ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት አብዛኛው ስባቸው የማይረጋ ስለሆነ ይመረጣሉ። ዋጋቸው ከፍ ቢልም መጠኑን ቀንሶ ጥሩውን መጠቀም ይቻላል።

ሁለተኛው የፋሲካ ሰሞን ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው በአንድ ሳምንት ያን ሁሉ ሊያካክስ ሲሞክር የጾሙ ፍሬ ለሥጋው ይጠፋበታል። መፈሰክ ደስታ ነው፤ ደስታው ግን ልክ አለው።

እናቶቻችን ለጾም የሚያዘጋጁት ማእድ መፍትሔውን አስቀድሞ ይዟል። የተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ በኑግ፣ ስልጆ፣ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ሁሉም የማይረጋ ስብና አሰር ያላቸው ናቸው። ተልባ በተለይ ለልብ በሚጠቅም ስብ የታወቀ ነው፤ ተፈጭቶ ቢበላ አካል ይበልጥ ይጠቀምበታል። እንግዲህ አዲስ ነገር ከውጭ ማምጣት አያስፈልገንም፤ የተውነውን መመለስ ይበቃናል።

፮. መጠኑና አመራረጡ

ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው አንድ እፍኝ፣ ማለትም 30 ግራም ያህል ነው። በስኒ ለሚለካ ሰው የቡና ስኒ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። በጾም ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ በፍስክም ቀን በቡና ቁርስ ጊዜ በዳቦና በቅቤ ፈንታ ቢቀርብ ቦታውን ያገኛል። የሚከተሉትን ግን መጠንቀቅ ይገባል።

ሻጋታ፦ ለውዝ ሳይደርቅ ከተከማቸ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያበቅላል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከኦቾሎኒ የተሠራ መኖ የበሉ እጅግ ብዙ ቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ ነው። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተጨማደደውን፣ የጠቈረውን፣ የሻገተውንና የሚመረውን ለቅሞ መጣል ግድ ነው፤ «ለድኻ ይሁን» ተብሎ ሊሰጥም አይገባም።

ጨው፦ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ያልተነሰነሰበትን ይምረጥ።

ሕፃናት፦ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ፍሬ መስጠት ለትንታ ያጋልጣል፤ ትንታውም ሊገድል ይችላል። ለእነርሱ በሚገባ የላመው ይሰጥ።

ጥርስ የሌላቸው አረጋውያን፦ ተወቅጦ ወይም ልሞ ይቅረብላቸው። በካፌዎች የሚታወቀው የለውዝ ሻይም ስኳሩ ከተቀነሰ ይጠቅማቸዋል።

የማይስማማቸው፦ ለውዝ የሚያሳብጣቸውና ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው ሰዎች አሉ። እነርሱ ፈጽመው ሊቀምሱት አይገባም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

፯. መድኃኒትን ስለ መተው

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነጥብ ደርሰናል። በየአጥቢያው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ያቋረጡ ምእመናን ያጋጥሙናል። አንዳንዱ «ለውዝ ጀምሬአለሁ» ይላል፤ አንዳንዱ «ተሽሎኛል» ይላል፤ አንዳንዱም ጠበል ስለገባ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ኮሌስትሮሉ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሰውየው ግን አይሰማውም።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር ላይ የጠራ ምሳሌ አላት። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አንድ ላይ እንዲጠቀሙ በይፋ አስተምረዋል። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ የነበሩ ብዙዎች በዚህ ትምህርት ተጠቅመዋል። ለኮሌስትሮልም፣ ለደም ግፊትም፣ ለስኳርም ያው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም በጊዜው የታወቀውን መፍትሔ ሲመክረው እምነቱን አላጎደለበትም (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

በዚህ ረገድ የንስሐ አባት ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ሐኪም በወር አንድ ጊዜ የሚያየውን ሰው የንስሐ አባቱ በየሳምንቱ ያየዋል። ሐኪሙ የማይሰማውን እርሱ ይሰማል። ስለዚህ «ልጄ፣ መድኃኒትህን እየወሰድህ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ከአባት አንደበት ሲወጣ ከብዙ ምክር ይበልጣል። መድኃኒቱ በጾም ሰዓት የሚወሰድ ከሆነም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እንዲያስተካክል፣ ካልተቻለም ለሕሙማን በተፈቀደው ሥርዓት እንዲመራ የሚያደርገው እርሱ ነው።

፰. አጥቢያው ምን ይሥራ?

የሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲው መሠረት ካህናትን፣ ምእመናንንና ወጣቶችን በአንድነት የያዘ ነው። ከዚህ የተሻለ የጤና ትምህርት ሸንጎ አይገኝም። በአራዳና በፒያሳ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነባር ምእመናን ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከለመዱት ጎረቤትና ከለመዱት ጤና ጣቢያ ርቀዋል፤ የክትትል ካርዳቸውም በቀድሞው ቦታ የቀረባቸው አሉ። ሆኖም በወርኃዊው በዓል፣ በተለይም በ23 ቀን ወደ መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ወደየሰንበቴያቸውና ማኅበራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ ብዙዎቹን የምናገኛቸው በደጀ ሰላሙ ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን እንመክራለን።

አንደኛ፣ በሰንበቴና በዝክር ማእድ ላይ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰውን ቀንሶ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ተልባና የኑግ ምግቦች እንዲቀርቡ መስማማት። ወጪው ከአቅም በላይ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ለውዙ ከበር ላይ ሻጮች ቢገዛ ለአጥቢያው ድኾች እናቶችና ወጣቶችም መተዳደሪያ ይሆናል። አብሮም ስለ ለቀማና ስለ ማድረቅ ማስተማር ይገባል። በአጥቢያው መጋዘን የሚቀመጥ እህል ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ በበዓል ቀን የደም ግፊት ልኬት ማዘጋጀት፤ የኮሌስትሮል ምርመራ የሚያስፈልጋቸውንም ወደ ጤና ተቋም መላክ።

አራተኛ፣ የተዛወሩ ምእመናንን መዝግቦ በአዲሱ ሰፈራቸው የሕክምና ክትትል መጀመራቸውን መጠየቅ። ይህ ጤናንም አንድነትንም ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ጽሑፍ ለአረጋውያን እንዲያነቡላቸው ማድረግ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የሰንበቴ ማእድ ላይ ምን ዓይነት ዘይት እንጠቀማለን? ለመቀየር የሚያግደን ምንድን ነው?

2. «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ ለምን ሊያሳስት ይችላል?

3. አንድ ምእመን «ለውዝ ስለምበላ መድኃኒቴን ትቻለሁ» ቢል የንስሐ አባቱና የሰበካ ጉባኤው ምን ሊሉት ይገባል?

4. ከሰፈራቸው የተዛወሩ ምእመናኖቻችንን በስም እናውቃቸዋለን? ክትትል የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ከመካከላቸው እነማን ናቸው?

5. ለተቸገሩ ስንሰጥ ያልሻገተና ያልተበላሸ እህል መስጠታችንን የሚያረጋግጥልን ማን ነው?

የሰው ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደሆነ ተምረናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። ቤተ መቅደሱ ሲያፈስ ጣሪያውን እንደምንጠግን ሁሉ ሥጋችንንም በጊዜው ልንጠብቀው ይገባል። አንድ እፍኝ ለውዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ከጥሩ ዘይት፣ ካልተቋረጠ መድኃኒትና ከአባት ጥያቄ ጋር ሲሆን ግን ልብን ይጠብቃል። በቀጣዩ ወርኃዊ ስብሰባችሁ ከላይ ካሉት ጥያቄዎች ቢያንስ በሁለቱ ተወያይታችሁ ውሳኔያችሁን በቃለ ጉባኤ እንድትይዙ በትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።